ቅርሱ እዚያ፣ ባለቤቱ እዚህ

ክሊንተንቪል፣ ኮሎምበስ (ኦሃዮ)

የሟች ዕቃ በረንዳ ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ ማየት ለእኛ ለሐበሾች እስከ ዛሬም አይዋጥልንም። እዚህ አገር ግን የተለመደ ነው። አንድ አዛውንት ሲያርፉ ልጆችና የልጅ ልጆች ከየስቴቱ ይሰባሰቡና ወንበሩን፣ ሰሃኑን፣ መጽሐፉን፣ ኮቱን ሳይቀር ዋጋ ለጥፈውበት ለአላፊ አግዳሚው ያቀርቡታል። «ኢስቴት ሴል» ይሉታል። ክሊንተንቪል ባለ በረንዳ የድሮ ቤቶች የሞሉበት ሰፈር በመሆኑ፣ ብርዱ አልፎ ሙቀቱ በመጣ ቁጥር ቅዳሜና እሑድ እንዲህ ያለ ሽያጭ አይጠፋም።

አንድ ወዳጃችን፣ ስሙን እንዳንጠቅስ ለምኖናል፣ ከሌሊት የመጋዘን ሥራው ሲመለስ ከሃይ ስትሪት ገባ ብሎ ካለ አንድ ቤት በር ላይ መኪናውን ያቆማል። የፈለገው ለልጁ የሚሆን የመጻፊያ ጠረጴዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን፣ ከአሮጌ ካሜራና አፉ ከተሸረፈ ጀበና አጠገብ፣ በቆዳ ማኅደር የተከተተ የብራና ዳዊት ተቀምጦ አገኘ። ዋጋው 40 ዶላር ይላል። ሻጩ የሟች የልጅ ልጅ ነው። ስለ መጽሐፉ ሲጠየቅ፣ አያቱ በጃንሆይ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ አስተማሪ እንደነበሩና ሲመለሱ ይዘውት እንደመጡ ከመናገር ሌላ የሚያውቀው አልነበረውም። ገዝተውት ይሁን፣ ተሰጥቷቸው ይሁን፣ የሚያስታውስ ሰው የለም። ወዳጃችን ጠረጴዛውን ትቶ ዳዊቱን ገዛ። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ጠራን።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የዚያ እሑድ ውሎ ያመጣው ነው። ስለ ቅርስ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። «ቅርስ ዛሬ ለማን፣ ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ግን መልስ በሚያስፈልገው መልኩ የተጠየቅነው በዚያን ቀን ነው ብንል ይቀላል።

የሰረቀውም፣ የፋቀውም

የተሰበሰብነው ሰባት ሰዎች ነን፤ ወዳጃችንና ባለቤቱ፣ የ16 ዓመት ልጃቸው፣ አንድ ቄስ፣ በሂሳብ ሥራ የሚተዳደር አንድ ጎልማሳ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አንዲት ባልቴት እና እኛ።

ቡናው እስኪፈላ ቄሱ እጃቸውን ታጥበው መጽሐፉን ገለጡት። ጽሕፈቱ የሰለጠነ እጅ ነው። የእንጨት ገበታው ተሰንጥቆ በጅማት ተጠግኗል፤ የሰም ጠብታ ያረፈባቸው ቅጠሎች አሉ፤ ጠርዙ ከጣት ብዛት ጠቁሯል። ዕለት ዕለት የተደገመ ዳዊት እንደነበር ያስታውቃል።

የባለቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ቄሱ ዝም አሉ። «ለገብርከ» ይላል፣ ለአገልጋይህ ማለት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ስሙ ሊኖር በሚገባው ቦታ ብራናው በስለት ተፍቆ ሻክሯል። ገለጥ አደረጉ፤ ሌላም ቦታ እንዲሁ ነው። ስሙ በተጠራበት ሁሉ ተፍቋል። የመጨረሻው ቅጠል ላይም የሰውና የደብር ስም ተፍቆ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ሳትነካ ቀርታለች፤ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀውም፣ የፋቀውም፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው።

ይህ በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የሚገኝ የቆየ ግዝት ነው። የመንግሥት የቅርስ አዋጅ ከመታወጁ ከብዙ ዘመን በፊት አባቶቻችን ያወጡት አዋጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ወንጀል ለይቶ ያስቀምጣል። መስረቅ አንድ ነው፤ መፋቅ ሌላ ነው። ፋቂው ስሙን ፍቆ ግዝቱን ትቶታል፤ ወይ ግዕዝ አያነብም፣ ወይ አንብቦ ደንታ አልሰጠውም።

«አባ፣ ስሙን ለምን ፋቁት?» አለች ልጅቷ።

«ስም ያለበት መጽሐፍ ባለቤት አለው፣ ልጄ» አሏት ቄሱ። «ባለቤት ያለው መጽሐፍ አይሸጥማ።»

ለማን ይመለስ?

ክርክሩ የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። የሂሳብ ባለሙያው ፊት ለፊት ተናገረ። «በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጥ። ጦርነት ያፈረሰው ትምህርት ቤት ስንት ነው? በዚህ ገንዘብ አንዱን ክፍል እንኳ ቆርቆሮ ማልበስ ይቻላል። ዝናብ የሚመታው ሕፃን ከዚህ መጽሐፍ ይበልጥብኛል» አለ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ የተቆጣም አልነበረም።

የወዳጃችን ባለቤት «ለኤምባሲ እናስረክብና እንገላገል» አለች። እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የቱ ኤምባሲ ልጄ? ባሌን ያሰረው ነው፣ ልጄን ያሰደደው ነው፣ ወይስ አሁን ያለው? ሦስቱም አንድ በር ላይ ነው ሰንደቅ የሰቀሉት» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ወዳጃችን ራሱ ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መስጠቱን አስቦ ነበር። ኦሃዮ ስቴት ከቤቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሙቀቱና እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ይቀመጣል፤ አይጥ አይበላውም፤ ጢስ አያጠቁረውም። ልጅቷ ግን «ከዚያ በኋላስ ማን ያነበዋል?» ብላ ጠየቀች። «እዚሁ ላለው ደብራችን ይሰጥ» ያልነው እኛ ነበርን። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ዳዊት አልጠፋብንም፤ የጠፋበት ሌላ ነው። እዚያ ባዶ ማኅደር ታቅፎ የቀረ ደብር ይኖራል» አሉ።

ይህ ክርክር የክሊንተንቪል ሳሎን ክርክር ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሰዉ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ንብረት መካከል 11 ታቦታት ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ታቦት በመሆናቸው ጎብኚ አያያቸውም፤ ተመራማሪም አይመረምራቸውም። ሙዚየሙ እንዳይመልስ እ.ኤ.አ. የ1963 የአገሪቱ ሕግ እጁን እንደያዘው ይናገራል። ማንም የማያየው ዕቃ፣ ማንም በማይገባበት ክፍል፣ ባለቤቱ እየጠየቀ ተቆልፎ ይኖራል። በአንጻሩ ኤድንብራ ከተማ ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቁም ሳጥን ውስጥ ያገኘውን የመቅደላ ታቦት ደብሩ ሳያቅማማ መልሶት፣ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል። ልዩነቱ ሕግ ብቻ አልነበረም። አንደኛው «የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላኛው «እጄ ላይ ነው» አለ።

ቅርስ የሚለው ቃላችን ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ዛሬ ቅርስ ስንል ሐውልትና ሙዚየም ይታየናል። የጥንቱ ሰው ግን «ቅርስና ጥሪት» ብሎ አጣምሮ ነው የሚጠራው። ላሙም፣ የዘር እህሉም፣ የተቀመጠው ጨርቅም ቅርስ ነው፤ ለክፉ ቀን የተያዘ፣ ልጅ የሚረከበው። ጥሪቱን የበላ አባወራ የሚወቀሰው የራሱን ስለበላ አይደለም፤ የልጁን ስለበላ ነው። ቅርስ አደራ የሚሆነው በዚህ ነው። ስለ አደራ ደግሞ አገራችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል።

የሚያዝያ 1997 መሳቢያ

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። አንባቢ እንደሚያውቀው ከስደት በፊት እንጀራችን የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ነበር። የአክሱም ሐውልት ከሮም የተመለሰው እኛ በዜና ጠረጴዛው ላይ ሳለን ነው። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ይህ ሐውልት በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ተወስዶ ሮም ላይ ተተከለ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ተስማምታ ነበር፤ ሳትፈጽመው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። እነ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ለዓመታት የጮኹበት ጉዳይ በስተመጨረሻ ተሳክቶ፣ ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጣ። የመጀመሪያው ክፍል አክሱም የደረሰው ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። የግንቦት 7ቱ ምርጫ ሊካሄድ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር።

የሕዝቡ ደስታ እውነተኛ ነበር፤ የእኛም እንዲሁ። የፊት ገጹን በሙሉ ለሐውልቱ ሰጠነው። በዚያው ሳምንት ግን ከአንድ ወረዳ የተላከ አጭር ዘገባ ጠረጴዛችን ላይ ደረሰ። አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በሌሊት ተሰብራ ብራናዎቿ መወሰዳቸውን ይናገራል። ዘጋቢው መኪና በማይገባበት መንገድ በእግሩ ሄዶ፣ ካህናቱን አነጋግሮ፣ የጠፉትን መጻሕፍት አንድ በአንድ ዘርዝሮ ነበር የላከው። የበላይ አለቃችን አነበቡትና «በዚህ ሳምንት ቅርስ ተመለሰ እንጂ ቅርስ ተሰረቀ አይባልም» አሉን።

እኛም አልተከራከርንም። «ለጊዜው» ብለን ዘገባውን አጥፈን መሳቢያ ውስጥ አስገባነው። ምርጫው መጣ፤ ከምርጫው በኋላ የሆነው ሆነ። በ1998 ዓ.ም. አገር ጥለን ስንወጣ ዘገባው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ዛሬ የዚያችን ቤተ ክርስቲያን ስም ልናስታውሰው አልቻልንም። ብዙ ሌሊት ሞክረናል።

የክሊንተንቪሉ ዳዊት የዚያች ቤተ ክርስቲያን ነው እያልን አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም፤ ይኼኛው ቀደም ብሎ በጃንሆይ ዘመን የወጣ ነው። ቄሱ ግዝቱን ሲያነቡ «የሰረቀው» ያሉት ለጆሯችን እንግዳ ሆኖ አለፈ፤ እኛ ምንም አልሰረቅንም። «የፋቀው» ሲሉ ግን ሲኒውን ከእጃችን አስቀመጥን። የአንድ ደብር ስም ከጋዜጣ ገጽ ላይ ሲነሳ ስለት አያስፈልገውም፤ መሳቢያ ይበቃል።

ጎልፍ ሜዳው

ልጅቷ በመሀል ተነስታ ያላሰብነውን ነገር አነሳች። «እዚህም እኮ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ከትምህርት ቤት ወስደውን አይተናል። ጎልፍ ይጫወቱበት ነበር» አለች። የምትለው ኒውአርክ የተባለውን ከተማ ነው፤ ከኮሎምበስ በስተምሥራቅ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ይህን ያህል ዓመት ኦሃዮ ስንኖር ሄደን አናውቅም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወዳጃችንና ከልጁ ጋር ሄድን።

የዛሬ 2 ሺህ ዓመት ገደማ የዚህ ምድር ነባር ሕዝቦች አፈር በእንጨት እየቆፈሩ፣ በቅርጫት እየተሸከሙ ግዙፍ ክብና ባለ ስምንት ማዕዘን ካብ ሠርተዋል። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ብቻ 20 ሄክታር ያህል ያቅፋል። አሠራሩ ጨረቃ በ18.6 ዓመት አንዴ የምታጠናቅቀውን የመውጫና የመግቢያ ዑደት ተከትሎ የተቀየሰ ነው። የሠሩት ሰዎች ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር የሚያውቅ የለም። «ሆፕዌል» የተባሉት ከካቦቹ አንዱ የተቆፈረበት እርሻ ባለቤት ስሙ ሆፕዌል ስለነበረ ነው። እነሆ ሌላ የተፋቀ ስም።

በዚህ ስፍራ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ አንድ የጎልፍ ክበብ ሲጫወት ኖሯል። ሕዝብ ሙሉ ቦታውን እንደ ልብ የሚያየው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። የቦታው ባለቤት የሆነው የስቴቱ የታሪክ ድርጅት ኪራዩን ለማቋረጥ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ለድርጅቱ ፈረደ፤ ክበቡም ካሣውን ተስማምቶ ለቀቀ። ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስፍራው ለሁሉም ክፍት ሆኗል። እኛ በሄድንበት ቀን ሣሩ ላይ የሚራመዱት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ የሚከፈል ነገር የለም።

ልብ የሚነካው ግን ሌላው ነው። ኦሃዮ ውስጥ ዛሬ በፌዴራል መንግሥት የታወቀ የነባር ሕዝብ አስተዳደር አንድም የለም። ሾኒዎችን ጨምሮ የቀሩት ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከዚህ ተነቅለው ወደ ምዕራብ ተነዱ፤ የመጨረሻዎቹ ዋያንዶቶች በ1843 ወጡ። ዛሬ አስተዳደራቸው ያለው በአብዛኛው ኦክላሆማ ነው። ከዚያ ሆነው ግን ዝም አላሉም። የምሥራቅ ሾኒ አለቃ ግሌና ዋላስ ይህ ስፍራ የቅድመ አያቶቻቸው ሥራ መሆኑ እንዲታወቅ ድምፃቸውን ካሰሙት አንዷ ናቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሪያድ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ጉባኤ የኦሃዮ ካቦች በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ከተባረሩ ወደ 190 ዓመት የሚጠጋ ሕዝብ፣ ርስቱ ባይመለስለትም፣ ስሙ ከስፍራው እንዳይፋቅ ታግሎ ተሳክቶለታል ማለት ነው።

ስደተኛ የሆነ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል?

የተመዘገበ ድንጋይ፣ የተፈናቀለ ሰው

ያው የሪያድ ጉባኤ ሁለት የኢትዮጵያ ቅርሶችንም መዝግቧል፤ የባሌ ተራሮችን ፓርክና የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር። ጌዴኦ ማለት ቡናና እንሰት ከትልልቅ ዛፎች ጋር ተሰባጥረው የሚበቅሉበት፣ በሽማግሌዎች የሚጠበቁ ደኖችና እንደ ቱቱ ፈላ ያሉ የትክል ድንጋይ መካናት የሞሉበት አገር ነው። ይህ በተሰማ ቀን ከመካከላችን ስንቶቻችን «እንኳን ደስ ያላችሁ» አልን? በየስብሰባው አክሱም የእገሌ ነው፣ ላሊበላ የእገሌ ነው፣ የጎንደር ግንብ የእገሌ ነው እያልን ድምፃችን እስኪዘጋ የምንከራከር ሰዎች፣ ጌዴኦ ሲመዘገብ ካርታ ላይ እንኳ ፈልገነዋል ወይ?

ከዚህም የሚብስ አለ። እነዚያ ድንጋዮች ከመመዝገባቸው አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱና በየድንኳኑ ሰፍሮ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት የአል ነጃሺ መስጊድ በከባድ መሣሪያ ሲመታ፣ በአካባቢው ይሰግድ የነበረው ሕዝብም ተበትኖ ነበር። ላሊበላ ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ወራት ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ ዓለም ስለ ድንጋዮቹ ደኅንነት መግለጫ አወጣ፤ ደወሉን ስለሚደውለው፣ ቆብ ሠፍቶ ስለሚያድረው ሰው ብዙ የተባለ ነገር አልሰማንም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በኮሪደር ልማት ስም ሲፈርስ፣ አንዳንድ ሕንፃዎች «ቅርስ ናቸው» ተብለው ተለይተው ቆሙ። ዕድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ የሠፈሩን ታሪክ በቃሉ የሚያውቀው ሽማግሌ ግን በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የሁሉም ዜጎች ግዴታ ነው ይላል። ጥሩ ቃል ነው። ነገር ግን ቅርስን ከባለቤቱ ነጥሎ መጠበቅ የዳዊቱን ስም ፍቆ ብራናውን እንደ መሸጥ ነው። ብራናው አለ፤ ጽሕፈቱ ያምራል፤ «ለገብርከ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው። ቅርስ ዛሬ ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ የእኛ መልስ ይኸው ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ሕዝብ በአንድ ስፍራ መኖሩን፣ ሠርቶ ማለፉን፣ ልጆቹም እዚያ ቦታ እንዳላቸው ይመሰክራል። ምስክሩን የሚያስፈልገው ከሁሉ ይልቅ የተነቀለው ሰው ነው። የተነቀለውን ሰው እየረሳን ምስክሩን ብቻ ብናጥብ፣ ብንቀባ፣ ብንመዘግብ ምን ይረባል?

ከሩቅ የጠበቁ

እትዬ «እኛ እዚህ ሆነን ምን ልናደርግ?» ብለው ጠይቀው ነበር። መልሱን ከእኛ በፊት የተሰደዱ ሰዎች ሰጥተውበታል።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ወታደሮች ጥይት በ1968 ዓ.ም. ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካቃታቸው በኋላ ወደ አሜሪካ መጡ። በረዶ በማይጠፋባት ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ውስጥ ባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ከኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሱ መጻሕፍትን አንድ በአንድ አንብበው፣ የማን እንደሆኑ፣ ማን እንደጻፋቸው፣ በማን ዘመን እንደተጻፉ መዝግበዋል። ፊልም የተነሱት መጻሕፍት ወደ 9 ሺህ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ በእሳት፣ በስርቆትና በጦርነት ዋናው የጠፋ መጽሐፍ ቢኖር፣ ስሙና ቃሉ ግን እዚያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ሥራቸው የተፋቀውን መልሶ መጻፍ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ሰው ሮተርዳም የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋው ናቸው። በቀይ ሽብር ዘመን ተሰደው ሆላንድ የገቡት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ቤታቸው ያረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አንድ ዘውድ አገኙ። ትግራይ ውስጥ ከሚገኘው ከጨለቆት ሥላሴ የጠፋ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ ነው። አልሸጡትም፤ ለማያምኑት መንግሥትም አልሰጡትም። 21 ዓመት ቤታቸው ደብቀው አቆዩትና የካቲት 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመለሰ። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። ዘውዱን መመለሳቸው ስህተት ነበር ወይ? እኛ አንልም። ግን መመለስ የመጨረሻው ምዕራፍ አለመሆኑን ይህ ያስተምረናል። የተመለሰ ቅርስ የሚኖረው የተመለሰበት አገር ሰላም ካለው ነው።

ምን ተወሰነ?

ከኒውአርክ ተመልሰን እንደገና ተሰበሰብን። የሂሳብ ባለሙያው ሐሳቡን አልለወጠም፤ ነገር ግን «እንግዲህ የትምህርት ቤቱም ጣሪያ አደራ ነው፤ እሱን ከዳዊቱ ላይ አንወስደውም» አለ። ለዳዊቱ የተከፈለውን ያህል፣ 40 40 ዶላር፣ በየወሩ ለማዋጣት ተስማማን። መዝገቡን የያዘው እሱ ነው።

ዳዊቱን በተመለከተ ሦስት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ልጅቷ እያንዳንዱን ቅጠል በስልኳ ፎቶግራፍ እንድታነሳ፤ ሁለተኛ፣ ፎቶዎቹ የጸሐፍትን እጅ ለይተው ለሚያውቁ ሊቃውንትና ብራና ለጠፋባቸው አድባራት እንዲላኩ፤ ሦስተኛ፣ የማኅደሩ ኪስ ውስጥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት እንዲቀመጥ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ «ይህ መጽሐፍ የዚህ ቤት ንብረት አይደለም። ባለቤቱ እስኪታወቅ በአደራ ተቀምጧል። አይሸጥም፣ አይወረስም፣ የተጻፈበት አይፋቅም።» ሰባታችንም ፈረምን። ወዳጃችን ቢሞትና ልጆቹ እንደዚህ አገር ወግ ዕቃውን በረንዳ ላይ ቢያወጡ፣ መጽሐፉን የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ወረቀት ነው።

ለእናንተም ለአንባብያን የምንለው አለን። ዲሲ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ስቶክሆልም፣ ሜልበርን ያላችሁ ወገኖች ቤታችሁ ውስጥ መስቀል፣ ብራና፣ የአያት ፎቶግራፍ፣ የድምፅ ካሴት ይኖራችኋል። ከጀርባው ስም ጻፉበት። ከማን እንደመጣ፣ ከየት ቀበሌ፣ በማን እጅ እንዳለፈ ጻፉበት። አስተማሪው አዛውንት ይህን ቢያደርጉ ኖሮ እኛ ዛሬ በጨለማ አንዳክርም ነበር። እኛም መሳቢያ ውስጥ የተውነውን ዘገባ በተመለከተ፣ ያ ዘጋቢ በሕይወት ካለና ይህን ካነበበ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱን ስም እንዲልክልን እንለምነዋለን። 20 ዓመት ዘግይተንም ቢሆን እዚህ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።

ልጅቷ ፎቶ ማንሳቷን ቀጥላለች። ባለፈው ሳምንት ሌሊት የስልኳን መብራት ከጎን አዘቅዝቃ የመጨረሻውን ቅጠል ስታይ፣ በተፋቀው ቦታ ላይ የሁለት ፊደል ጥላ ታያት። ለቄሱ ወዲያው ደወለች። «ወ» እና «ል» ናቸው። ወልደ ብሎ የሚጀምር ስም በአገራችን ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ወልደ ማርያም ይሁን፣ ወልደ ሚካኤል ይሁን፣ ገና አላወቅንም። እየፈለግን ነው።

ቸር ይግጠመን!